ሁለት ጉንጭ ከግማሽ

አባቴ ዴሜትሪዮ፣ ከአትራቶ ወንዝ ዳር፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ኖረ፣ ሲተሳሰብ ከዝናብ ጋር።
ከጠዋቱ አንድ ሰዓት፣ ጃንጥላው በብብቱ፣
ጓሮ ይወርድና፣ መለኪያውን ፈትቶ ከብረት አንገቱ፣
ዓይኑን ከውሃው ጋር እኩል አጎንብሶ
ያነባል፦ «አርባ ሁለት።» ይጽፋል፣ እርሳሱን በምላሱ አርሶ፣
በዚያ አገር
ርጥበት የጠፋ ይመስል።

በኪብዶ በጋ የለም። «ክረምት ገባ» የሚል የለም፤
ሲወጣ ያላየነውን እንግዳ፣ ገባ አንለውም።
የተሰጣ ልብስ በሦስተኛው ቀን ዛሬም ያንጠባጥባል፣
ጨው በዕቃው ያለቅሳል፣ ጫማ ከአልጋ ሥር ሻግቶ ያብባል።
ሙቀቱ ግን ያው ነው፣ በጥርም በሐምሌ፤
ያው አንድ ቀሚሴ፣ ያው ላብ ከአካሌ።

እኔ አስተማሪ ሆኜ ሰሜን ሄድኩ፣ ጉዋሂራ፣
የአገራችን አፍንጫ ጫፍ፣ ነፋስ ደመናን እየነዳ የሚያሳልፍበት ስፍራ።
መንገድ ላይ አውቶቡሱ ቦጎታ አሳደረኝ፤
በሁለት ቀሚስ ላይ ብርድ ልብስ ደርቤ ጥርሴ ተንገጫገጨብኝ።
ካርታው ይምላል፣ የምድር ወገብ እዚሁ ቅርብ ነው ብሎ።
ሹራብ የሸጠችልኝ ሴት ሳቀች፦
«ፀሐይ እንደኔ አርጅታለች፣ ልጄ፣
ዳገት አይሆንላትም።»

አባቴ የዝናብ መለኪያ ላከልኝ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣
«ሰማይ ባለበት ሁሉ ሒሳብ አለ» ብሎ።
ጠዋት ጠዋት ስልክ፦
«ስንት?»
«ዜሮ። ያንተስ?»
«ስልሳ ሦስት።»
«ስንት?»
«ዜሮ።»
«ሠላሳ።»
«ስንት?»
«ዜሮ፣ አባ። ሸረሪት አድራበት።»
«ጻፊው። ሳጥኑን ባዶ እንዳትተዪ።
ባዶ ማለት አላየሁም ነው፤
ዜሮ ማለት ግን፣ ቆሜ ጠበቅኩት፣ ቀረ።»

እዚህ ዝናብን ሁያ ይሉታል፤
ዓመትም ሁያ ነው፣ አንድ ስም ሁለቱን ያዝላል።
የኔይሜርን እናት ዕድሜውን ብጠይቃት
ጣቷን አጠፈች፣ «ሰባት ዝናብ» አለች፤ ቆም ብላ፣
«የመጣው ግን አምስት።»

ሜዳው ቁልቋል ነው፣ እሾህና አሸዋ።
ኩሬው ተሰነጣጥቆ እንደ አሮጌ ሴራሚክ፣
ውሃ የሚያመጣው መኪና ማክሰኞ ይመጣል፤
ማክሰኞ ግን ሁልጊዜ ማክሰኞ አይመጣም።

ከአሥራ አራት ወር በኋላ፣ በጥቅምት አንድ ሌሊት፣
ጣራው ድንገት ጮኸ። ሰው ሁሉ ደጅ ወጣ፣ ድስት ያለው በድስት፣
የሌለው በመዳፉ።
አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን ገልብጦ ይዞ ቆመ፣
እንደ ለማኝ ሳይሆን፣ ብድሩን እንደሚቀበል ሰው።
ሩብ ሰዓት አልሞላም፤ ነፋሱ መጥቶ ጠራርጎት ሄደ።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ሮጥኩ፣ ልቤ ከእግሬ ቀድሞ።
መለኪያው ባዶ ነው። ኔይሜር አጠገቡ ቆሞ፣
አገጩ ርጥብ። አልሸሸም፣ አላፈረም፤
«የሰው መሆኑን አላወቅኩም» አለኝ።
እውነቱን ነው፣ የሰው አልነበረም።

ስልኩ ጠራ።
«ስንት?»
ዝም አልኩ። በመስመሩ ማዶ የኪብዶ ጣራ ይንኳኳል።
«አባ፣» አልኩት፣ «ልጅ ጠጥቶታል።»
እሱም ዝም አለ። ያ ሁሉ መዝገብ፣ ያ ሁሉ ሠንጠረዥ፣
ለዚህ የሚሆን ሳጥን የለውም።
ቆይቶ፣ «ስንት ጉንጭ?» አለ።

ልጁን ጠየቅኩት። አፉን ነፋ፣ አሰበ፣
በምላሱ ፈልጎ ደረሰበት፦
«ሁለት ከግማሽ።»
«ግማሹስ የት ሄደ?»
«ለጥቦቷ።»

አባቴ ሳቀ፤ ሳቁ ሳል ሆነ።
«ያንተስ ዛሬ ስንት ነው?» አልኩት።
«መቶ ሠላሳ። አትራቶ ሳሎን ገብቷል፤
ጠረጴዛ ላይ ቆሜ ነው የማናግርሽ።
ይልቅ እሱን ተዪውና
ግማሹን እንዳትረሺ፣
ለየብቻ ጻፊው።»